የጀልባ ወለል በምን ይሠራ?

ስለ ዓሣ ማስገር በተነሣ ቁጥር ንግግራችን ሁሉ በመረብ ላይ ነው። የመረቡ ዐይን ምን ያህል ይስፋ፣ መቼ ይጣል፣ መቼ ይነሣ እያልን ስንመክር ኖረናል። ዓሣ አስጋሪው ሌሊቱን ሲጋፋ አድሮ፣ ጧት እርጥብ መረብ እየሳበ ቆሞ ስለሚሠራበት ወለል ግን አንሥተን አናውቅም ማለት ይቻላል። ወለሉን አናጢው እንዳመጣለት ይሠራዋል፤ ባለቤቱም ቀለም ከተቀባና ካማረ ሌላ አይጠይቅም። ይህ ዝምታ የእኛም ጥፋት ስለሆነ በዚህች ወረቀት ልናካክሰው አስበናል።

አቋማችን ይህ ነው። በቆጋ ግድብም ሆነ በጣና ዳር በየሰፈሩ በአናጢ እጅ የሚሠራ የእንጨት ጀልባ ወለሉ ተነሥቶ የሚወጣ ርብራብ ይሁን እንላለን። በምስማር ተመትቶ ለዘለዓለም የሚዘጋ ኮምፔንሳቶ፣ ቺፑድ ወይም ላሜራ ወለል ሊሆን አይገባውም። ርብራቡም የሚሠራበት እንጨት ከሩቅ መምጣት አያስፈልገውም፤ በሜጫ ገበሬ ማሳ ዳር የቆመው ቀይ ባሕር ዛፍ፣ በዕድሜ የበሰለና በሚገባ የደረቀ ከሆነ ይበቃል። በዚህ የማይስማሙ አናጢዎችና የሥራ ባልደረቦች አሉን፤ የእነርሱንም አሳብ እናነሣለን።

በመጀመሪያ ነገሩ ከየት እንደ መጣ እንመልከት። የጣና ሰው ለብዙ ዘመን በደንገል ታንኳ ሲገለገል ኖሯል። ከሁሉ ይልቅ በዚህ ሥራ የታወቁት የወይጦ ባለሙያዎች ናቸው። የደንገል ታንኳ ውሃ ይገባዋል፤ ሠሪው ይህን አሳምሮ ያውቃል፤ ስለዚህም ከውስጥ ሌላ ደንገል ይነጥፍና ሰውየውም ሸክሙም ከእርጥበቱ በላይ እንዲቀመጡ ያደርጋል። ጉዞው ሲያበቃ ታንኳው ከውሃ ወጥቶ፣ ቀና ተደርጎ ይደርቃል። እኛ ዛሬ ስለ ርብራብ የምንናገረው ሁሉ በዚህ ልማድ ውስጥ አለ።

ደንገሉ ግን እየራቀ ሄደ። በእርሻና በከብት ግጦሽ መስፋፋት፣ በሐይቁም ከፍታ መለዋወጥ ብዙ የደንገል ቦታ ጠፍቷል፤ በተለይም በ1995 ዓ.ም. የጣና ውሃ እጅግ በቀነሰ ጊዜ በዳር የነበረው ደንገል ክፉኛ ተጎድቷል። ከ2004 ዓ.ም. ገደማ ወዲህ ደግሞ እንቦጭ መጣ። በሌላ በኩል በ1978 ዓ.ም. ገደማ በተጀመረው የጣና የዓሣ ሀብት ልማት ፕሮግራም ባለ ሞተር ጀልባና ዘመናዊ መረብ ከገቡ በኋላ፣ ብዙ ሰው ከታንኳ የሚበልጥ ነገር መፈለጉ አልቀረም። ሁሉም የፋብሪካ ጀልባ ሊገዛ ስለማይችል በአናጢ እጅ የሚሠራው የእንጨት ጀልባ ቦታውን ያዘ። ታንኳውን የተወው ሰው ግን ከታንኳው ጋር የወለሉንም ብልኀት ተወው።

የቆጋው ነገር ለብቻው መታየት አለበት። ከባሕር ዳር በስተ ደቡብ 35 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው መራዊ አጠገብ የተሠራው ይህ ግድብ 83 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ያህል ውሃ እንዲይዝና 7,000 ሄክታር መሬት እንዲያጠጣ የታቀደ ነው። ወንዙ ወደ ግልገል ዓባይ፣ ግልገል ዓባይም ወደ ጣና ይገባል። ሆኖም የግድብ ውሃ እንደ ሐይቅ ውሃ አይደለም። በክረምት ሞልቶ ያድርና በበጋ ለመስኖ ሲለቀቅ ወደ መሐል ይሸሻል። ትናንት ውሃ ላይ የነበረ ጀልባ በጭቃ ላይ ይቀራል፤ ባለቤቱም እየጎተተ ይከተለዋል፤ ወይም ትቶት ለሳምንታት በፀሐይ ያቆየዋል። አንዴ እየራሰ፣ አንዴ እየደረቀ ለሚኖር እንጨት ከዚህ የባሰ መከራ የለም።

እንጨትን የሚያበሰብሰው ውሃ ራሱ አይደለም፤ ሻጋታ ነው። ሻጋታ ደግሞ ለመኖር እርጥበትም አየርም ይፈልጋል። ከክብደቱ ከመቶ 20 ያህል እንኳ እርጥበት የሌለው ደረቅ እንጨት አይበሰብስም። ሁልጊዜ በውሃ ውስጥ ተዘፍቆ የሚኖርም እንጨት አየር ስለማያገኝ ቶሎ አይበሰብስም። የሚበሰብሰው በመካከል ያለው፣ ማለትም እርጥቡ፣ ሙቁና ነፋስ የማያገኘው ነው። እንግዲህ ወለሉ ግጥም ተደርጎ የተዘጋ ጀልባ ሆዱ ምን እንደሚመስል ማሰብ ነው። ከመረብ የተንጠባጠበው፣ በማዕበል የገባው፣ በስንጥቅ የሰረገው ውሃ ከወለሉ ሥር ይቋታል። በጣሳ ተቀድቶ አይወጣም፤ ፀሐይም አያየውም። የዓሣው ደምና ቅርፊት ይጨመርበታል።

አንድ ጊዜ ቆጋ ዳር እንዲህ ዓይነቱን ጀልባ ባለቤቱን ለምነን አስከፍተነዋል። ወለሉ ሰማያዊ ቀለም የተቀባ ኮምፔንሳቶ ነበር፤ ከላይ ሲታይ አዲስ ይመስላል። ሰውየው ምስማሩን መንቀል አልፈለገም፤ «ደህና ነገር ለምን ይፈርሳል?» አለን፤ አነጋገሩም ውሸት አልነበረበትም። በመጨረሻ አንዱ ጥግ ተነሣ። ከጎድኑ እንጨት አጠገብ ያለውን የሆድ ጣውላ በቢላዋ ጫፍ ጫን ብንለው ቢላዋው ያለ ምንም ኀይል ገባ። በዚያ ጧት ሦስት ሰው ይዞ ወጥቶ የተመለሰ ጀልባ ነው። ጣና ላይ ከቀትር በኋላ ነፋሱ ሲነሣ እንደዚህ ያለ ጣውላ ቢከፈት ምን እንደሚሆን ዓሣ አስጋሪው ከእኛ የበለጠ ያውቀዋል። ሰውየው ከዚያ በኋላ ብዙም አልተናገረም፤ ቁጭ ብሎ ሌላውን ምስማር ይነቅል ጀመር።

አሁን ወደ ዕቃዎቹ እንግባ።

ስለ ቺፑድ ብዙ አንናገርም። የእንጨት ፍርፋሪ በሙጫ ተጋግሮ የተሠራ የቤት ዕቃ ነው፤ ውሃ ሲነካው ያብጣል፣ ከዚያም ይፈራርሳል። ጀልባ ውስጥ መግባት የለበትም።

ኮምፔንሳቶ ግን ሁለት ዓይነት ስለሆነ ሰውን ያሳስታል። ልዩነቱ በእንጨቱ ሳይሆን በሙጫው ላይ ነው። ለቤት ውስጥ ዕቃ የሚሠራው ሙጫው ውሃ አይችልም፤ ለውጭ ሥራ የሚሠራው ግን ጠቆር ያለና ውሃን የሚቋቋም ሙጫ አለው። ነጋዴው «የውሃ ነው» ቢል ቃሉን ብቻ ማመን አያስፈልግም። የመዳፍ ያህል ቁራጭ ተለምኖ ወይም ተገዝቶ፣ በአሮጌ ድስት ውስጥ ድንጋይ ተጭኖበት ለጥቂት ሰዓት ይቀቀል፤ ከዚያም በፀሐይ ይድረቅና እንደ ገና ይቀቀል። ንብርብሩ ከተላቀቀ ወይም በጥፍር የሚፈለቀቅ ከሆነ የቤት ነው፤ ይመለስ። ይህን ፈተና ያለፈ ኮምፔንሳቶ ለጀልባ ፊትና ኋላ መሸፈኛ ሊውል ይችላል፤ የተቆረጠው ጠርዙ ግን ውሃ የሚጠጣበት በር ስለሆነ በቀለም ደጋግሞ መደፈን አለበት። ለመሐል ወለል ግን ይህንንም አንመርጠውም፤ ምክንያቱም ሙጫው ቢጸና እንኳ ሆዱን ይሸፍነዋል።

ላሜራ ይጸናል፣ አይበሰብስም የሚሉ አሉ። እውነት ነው፤ ይሁን እንጂ ዝገቱን ትተን እንኳ፣ በበጋ ቀን በባዶ እግር የሚረገጥ አይደለም፤ የአምባዛ ልጋግ ሲፈስበት ደግሞ እንደ ሳሙና ያንሸራትታል። ከጀልባ የሚወድቅ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚወድቀው ማዕበል ገፍቶት ሳይሆን እግሩ ከድቶት ነው ብለን እናምናለን።

ስለዚህ እንጨት ይቀራል። ዋንዛ ቀላል ነው፣ ለመላጊያ ይመቻል፣ ብዙም አይጣመምም፤ አናጢው ሁሉ ይወደዋል። ለወለል መዋሉን ግን እንቃወማለን። ዋንዛ ከጫካችን እየጠፋ ያለ ዛፍ ነው፤ በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ከኮሶ፣ ከዝግባና ከጥድ ጋር በመንግሥት ደን እንዳይቆረጡ ከከለከላቸው ዛፎች አንዱ ነበር። ገበሬው ከራሱ ማሳ በሕግ ያገኘው ዋንዛ ቢኖረው ለጀልባው ሆድና ለጎኖቹ ያውለው፤ በዚያ ቦታ የሚተካው እንጨት ጥቂት ነው። በእግር ተረግጦ፣ ተልጦ፣ በየጥቂት ዓመቱ ለሚለወጥ ወለል ግን ዋንዛ ማዋል ብክነት ነው። የሐበሻ ጥድም እንዲሁ።

የፈረንጅ ጥድ የተገኘለት ሰው ይጠቀምበት፤ ቀላል ነው፣ ለመሥራትም አያስቸግርም፤ ለዝናብና ለፀሐይም ደህና ነው። ግራቪሊያም ላላ ላለ ሥራ ይሆናል፤ እርጥብ እንደ ሆነ ከቆየ ግን ዕድሜው አጭር ነው። በእንጅባራ በኩል የሚመጣው የደጋ ቀርከሃ ርካሽና ቀላል ነው፤ ክብ ክቡን ሳይሆን ተሰንጥቆ ቢደረደር ጥሩ ርብራብ ይወጣዋል። ችግሩ ነቀዝ ነው። ነቀዙ የሚፈልገው በውስጡ ያለውን ስታርች ስለሆነ ቀርከሃው ተቆርጦ ለአንድ ወር ያህል ውሃ ውስጥ ቢዘፈዘፍና ከዚያ በጥላ ቢደርቅ ጥቃቱ ይቀንሳል። እንዲያም ሆኖ የቀርከሃ ወለል ቶሎ ቶሎ እንደሚለወጥ ታውቆ ይሠራ።

አብዛኛው የሜጫ ገበሬ በእጁ ያለው ግን ባሕር ዛፍ ነው። በባሕር ዛፍ ላይ ብዙ ክስ አለ፤ ውሃ ይጠጣል፣ ማሳ ያደርቃል ይባላል፤ ያ ክርክር በሌላ ወረቀት ይታያል። እዚህ የምንጠይቀው ለወለል ይሆናል ወይ ብቻ ነው። ባሕር ዛፍ ይጣመማል፣ ይሰነጠቃል እየተባለ ከጀልባ ሥራ የተገለለው ከጥፋቱ ይልቅ በአያያዛችን ምክንያት ነው። ገበያ ላይ የሚሸጠው አጣና ገና የአራትና የአምስት ዓመት ልጅ ነው፤ አብዛኛው ነጣ ያለው የውጭ አካል ስለሆነ ነቀዝም ሻጋታም ይበላዋል። ለወለል የሚሆነው ግንዱ የወፈረ፣ ሲሰነጠቅ መሐሉ ደህና አድርጎ የቀላ የቀይ ባሕር ዛፍ ልብ ነው። ነጩ ጠርዝ በመጋዝ ይውጣለት።

ሁለተኛው ነገር ማድረቅ ነው። እርጥብ ባሕር ዛፍ ሲደርቅ በጣም ይኮማተራል፤ 7 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ጣውላ ግማሽ ሳንቲ ሜትር ያህል ሊጠብ ይችላል። በእርጥቡ የተመታ ምስማር ጣውላውን የሚሰነጥቀው ስለዚህ ነው። የተሰነጠቀው ጣውላ ጫፍ ጫፉ በቀለም ወይም በሬንጅ ይለቅለቅ፤ ከዚያም በጥላ ሥር፣ በየመካከሉ ቀጭን እንጨት እየገባ ይደርደርና ከላይ ከባድ ድንጋይ ይጫንበት። መድረቁን ለማወቅ ዘዴው ቀላል ነው። አንዱን ጣውላ ምልክት አድርጎ በየሳምንቱ በሱቅ ሚዛን መመዘን ነው፤ ክብደቱ መቀነሱን ሲያቆም ደርቋል ማለት ነው።

አሠራሩም እንደሚከተለው ነው። ጣውላው 2 ሳንቲ ሜትር ውፍረት፣ 7 ሳንቲ ሜትር ስፋት ይኑረው፤ በጣውላና በጣውላ መካከል የ1 ሳንቲ ሜትር ክፍተት ይተው። ከዚህ ከሰፋ የእግር ጣት ይይዛል፤ ከጠበበ ቅርፊትና ጭቃ ይደፍነዋል። ወለሉ 3 ሜትር ርዝመትና 70 ሳንቲ ሜትር ስፋት ቢኖረው እያንዳንዱ አንድ ሜትር በሆነ ሦስት ክፍል ይሠራ። ርብራቡ በጎድኖቹ ላይ ይረፍ፤ ከዚያ በላይ ግን ከፍ አይበል። ወለል ከፍ ባለ ቁጥር የቆመው ሰው ክብደት ከፍ ይላል፣ ጀልባውም ለመገልበጥ ይፈጥናል። ምስማሩ ዚንክ የተቀባ ቢሆን ይሻላል፤ ተራ ብረት ከባሕር ዛፍ ጋር አይስማማም፤ እንጨቱን ያጠቁረዋል፣ ራሱም ይበላል። እያንዳንዱ ክፍል በእንጨት መቀርቀሪያ ይያዝ፤ ጀልባው ውሃ ቢሞላ ወለሉ ተነሥቶ ሰው እግር ሥር እንዳይገባ።

«ከባድ ነው» የሚለው ተቃውሞ ትክክል ነው። ከላይ በተናገርነው መጠን የባሕር ዛፍ ርብራብ 33 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝናል፤ የፈረንጅ ጥዱ ግማሹን ያህል ነው። ነገር ግን ክብደቱ ከታች ስለሆነ ውሃ ላይ አይጎዳም። በቆጋ ጭቃ ላይ ጀልባ ሲጎተት ደግሞ ሦስቱ ክፍሎች ይወጣሉ፤ አንዱ 11 ኪሎ ግራም ያህል ነው፤ ልጅም ይሸከመዋል። ተመትቶ የተዘጋ ወለል ይህን አይፈቅድም።

የሚከብደን ሌላው ተቃውሞ ነው። ዓሣ አስጋሪዎች «ርብራብ መረብ ይይዛል» ይላሉ፤ ልክ ናቸው። አንድ የወጣ ምስማር የቀን ሥራ ያበላሻል። መድኀኒቱ የጣውላውን ጠርዝ ሁሉ በመላጊያ ማክበብ፣ የምስማሩን ራስ ወደ ውስጥ ማስመጥ፣ ጣውላውንም መረቡ በሚሳብበት አቅጣጫ መደርደር ነው። መረቡ በሚከመርበት ቦታ ላይ የደንገል ምንጣፍ ወይም ሰሌን ይነጠፍ፤ ሥራው ሲያልቅ ተነሥቶ ይታጠብ። እንዲያም ሆኖ አልፎ አልፎ መያዙ አይቀርም። መረብ ይሰፋል፤ የበሰበሰ ሆድ ግን ባሕር መሐል አይሰፋም ብለን ነው የምንከራከረው።

ለዓሣውም ቢሆን ይህ ይሻላል። ቀረሶው በተቋተ ውሃ ውስጥ ተንጋሎ ሲውል ይለሰልሳል፣ ይሸታል፤ ነጋዴውም ዋጋ ይቀንስበታል። በርብራብ ላይ፣ በእርጥብ ምንጣፍ ተሸፍኖ የዋለ ዓሣ ባሕር ዳር ሲደርስ ልዩነቱ በዓይን ይታያል።

በሌሎች አገሮች በረግረግ ውስጥ ዳክዬ የሚያድኑ ሰዎች ለራሳቸው የሚሠሩት ዝቅ ያለ የእንጨት ጀልባ አለ፤ ፊቱና ኋላው በወለል ይሸፈናል፤ እነርሱም በምን እንሸፍነው እያሉ እንደ እኛው ይከራከራሉ። በእኛ ዳር የውሃ ወፍ መብላት በብዙው ሕዝብ ዘንድ ልማድ አይደለም፤ ጣናም በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ክልል ሆኖ የተመዘገበ፣ ስደተኛ ወፎች የሚያርፉበት ሐይቅ ስለሆነ ማደኑን አንመክርም። የፊትና የኋላው መሸፈኛ ግን መወሰድ ያለበት ነገር ነው። በዚያ ሥር በሚገባ የተከደነ ባዶ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ሁለት ሁለት ሆኖ ጠንክሮ ቢታሰር፣ አንዱ ጀሪካን 20 ኪሎ ግራም ያህል ያነሣል። ውሃ የሞላ ጀልባ ላይ ተንጠልጥሎ ርዳታ ለሚጠብቅ ሰው ይህ ጥቂት አይደለም። ሽፋኑ የሚከፈት በር ይኑረው፤ ጀሪካኑ መቀደዱና አለመቀደዱ መታየት አለበት።

ስለ ቅባት አንድ ነገር እናክል። የተቃጠለ የሞተር ዘይት መቀባት በየቦታው የተለመደ ነው። ይቅር እንላለን። ወለሉን ያንሸራትታል፣ ዓሣውን ያሸታል፣ ወደ ውሃውም ይወርዳል፤ ከዚያው ውሃ ደግሞ ሰውም ከብትም ይጠጣል። የተልባ ዘይት በስሱ ደጋግሞ ቢቀባ፣ እያንዳንዱም ጊዜ ሳይደርቅ ሌላ ባይጨመርበት፣ ለእንጨቱ ይበቃዋል። ዘይቱን የጠረጉበት ጨርቅ ግን ተጨማዶ ጥግ አይጣል፤ የተልባ ዘይት ሲደርቅ ስለሚሞቅ ጨርቁ በራሱ ጊዜ እሳት ሊያነሣ ይችላል። ውሃ ውስጥ ይነከር ወይም በደጅ ተዘርግቶ ይድረቅ። ቀለም የሚመርጥ ሰው እግር በሚቆምበት ቦታ ላይ ቀለሙ ሳይደርቅ ደረቅ ደቃቅ አሸዋ ይበትንበት።

ዛፉ በኅዳር ተቆርጦ ወዲያው ቢሰነጠቅ በጋው ያደርቀዋል፤ በግንቦት መጨረሻ አናጢው ሊሠራበት ይችላል። እስከዚያው አሮጌው ወለል በምስማር የተመታ ከሆነ ቢያንስ በመሐሉ የአንድ ክንድ ያህል ተቆርጦ የሚነሣ ክዳን ይደረግለትና ሆዱ በቢላዋ ጫፍ ይፈተሽ። የሚደርቀውም ጣውላ ሲደረደር ከመሬት በድንጋይ ከፍ ይበል፤ በአካባቢያችን ያለው ምስጥ አናጢውን አይጠብቅም።